የተማሪ ልብስና የከሰል ካውያ

የልጆችን የትምህርት ቤት ልብስ መተኰስ ድካሙን የሚያህል ጥቅም አለውን? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በላስታ ደጋ መብራት ባልገባበት ቤት ካውያ የሚግለው በከሰል ነው፤ ከሰልም ዛፍ ነው። በይምርሐነ ክርስቶስ፥ በዛጔ ዘመን በዋሻ ውስጥ በታነጸው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን የጽድ ደን አይቶ ወደ ሌላው ተራራ የተመለከተ ሰው የጐደለውን ወዲያው ይረዳል።

እኛም እሑድ ማታ የልጆቻችንን ልብስ ስንተኵስ፥ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» እንላለን። መስመር የወጣለት ሱሪ ፊደል አያስቈጥርም፤ ከጨዋታ በኋላም መስመሩ አይገኝም። ሆኖም ሻርል ኒኮል የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 ተስቦን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን አስረድቷል። ቅማል እንቍላሉን የሚጥለው በስፌት ውስጥ ነው፤ የጋለ ብረት ሁለቱንም ይገድላል። ልጆች ከብርዱ የተነሣ ተጠጋግተው በሚተኙበት አገር ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ቅማል በታየ ጊዜ ስፌቱ ይተኰስ። በሌላው ጊዜ ልብሱ በሚገባ ታጥቦና ተወጥሮ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይበቃል። መምህራንም ንጽሕናን ይጠይቁ እንጂ ልብሱ ተጨማደደ ብለው ልጅን ከትምህርት ቤት ደጅ አይመልሱ፤ እናቱ ያን ከሰል ለእራት ማብሰያ አውላው ይሆናልና።