የወንድ ልጅ ዝምታና አሥር ደቂቃ

አዳማ፣ የብዙዎቻችን አፍ እስከ ዛሬ ናዝሬት የሚላት ከተማ፣ የሾፌር አገር ናት። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከመተሐራ እስከ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሁሉ በየሻይ ቤቱ ስለ ጨጓራው፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ኩላሊት ጠጠሩ ሳይቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወጋል። ወሬው ወደ ሽንት ቧንቧ ሲወርድ ግን ድምፅ ይቀንሳል። «ሽቦ ይከቱብሃል» ይላል አንዱ፤ ሌላው ይስቃል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ሳቁ የፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ሰው ይገድላል። ያለ ሕመም ከሽንት ጋር የሚወርድ ደም የፊኛ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንታት ስለሚጠፋም «ተሻለኝ» ያሰኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ደሙን ስምንት ወር ደብቀው ኖረዋል። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በግድ ሐኪም ፊት ስናቀርባቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሲጋራ ነበር፤ ለዚህ ካንሰር ትልቁ መንሥኤ ማጨስ ነውና። ሁለተኛው ጥያቄ በአዋሽ ወንዝ ታጥበው ያውቁ እንደሆነ ነበር። ፊኛን የሚያጠቃው የቢልሃርዚያ ዓይነት በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ይገኛል፤ ለብዙ ዓመታት ሳይታከም ከቆየም ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። ጋሼም «ገዋኔ ደርሶ አዋሽ ያልታጠበ የአሰብ ሾፌር አለ እንዴ?» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ፊኛው በካሜራ መታየት ነበረበት።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የወንድ ግን ሃያ ይጠጋል፤ ይታጠፋል፣ በፕሮስቴት ዕጢ መካከልም ያልፋል። ከዕጢው በታች ሽንትን የሚቋጥር እንደ ቀለበት ያለ ጡንቻ አለ። ወንዶች አብዝተው የሚያማቸው መሣሪያው እዚያ ሲደርስ ነው። ሰው ሲፈራ ደግሞ ያ ጡንቻ ይበልጥ ይጨብጣል። እንግዲህ ፍርሃት ራሱ ሕመም ይጨምራል ማለት ነው።

«ሽቦ» የሚለው ስም ከታሪኩ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመናዊው ሐኪም ማክሲሚሊያን ኒትሰ ያሳየው መሣሪያ ደረቅ የብረት ቱቦ ነበር። በጫፉ የሚያበራው በኤሌክትሪክ የጋለ የፕላቲነም ሽቦ ነው፤ እንዳያቃጥልም በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው አንድን የአካል ክፍል ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንኳ አልነበረውም፤ ኮኬይን ለዚህ ተግባር የዋለው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ዛሬ ግን እንደ ልብ የሚተጣጠፍ፣ ከእርሳስ የሚቀጥን ቱቦና ሊዶኬይን የተባለ የማደንዘዣ ጄል አለ።

መሣሪያው ቢሻሻልም የሰው አያያዝ ካልተሻለ ግን ምን ዋጋ አለው? ጋሼ መጀመሪያ በሄዱበት ሆስፒታል፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ጄሉ እንደገባ ቱቦው ተከተለ። ምን እንደሚደረግ የነገራቸው አልነበረም፤ በሩም ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ፊኛቸው ውስጥ ትንሽ እብጠት ተገኘ፤ በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ ወጣ፤ ሥር እንዳልሰደደም ታወቀ። ደስ አለን። ነገር ግን ይህ በሽታ ተመልሶ መምጣት ይወዳል፤ ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያም በየጊዜው፣ ለዓመታት በካሜራ መታየት አለበት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «አንዴ በቃኝ፤ ከእንግዲህ እግዜር ያውቃል» አሉ።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሕመምተኛውን ስቃይ መቀነስ እንደ ቅንጦት ይታያል፤ ግን መጀመሪያ የተሰቃየ ሰው ሁለተኛ አይመለስም። ካልተመለሰ ደግሞ የተደከመበት ሕክምና ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በልመና ሌላ ቦታ ወሰድናቸው። መሣሪያው ያው የሚተጣጠፈው ነበር። ነርሷ ግን አንሶላ አለበሰቻቸው፤ ጄሉን ቀስ አድርጋ ከጨመረች በኋላ ሰዓቷን አይታ «አሥር ደቂቃ እናርፋለን አባቴ» አለቻቸው። ሐኪሙ እያንዳንዱን ነገር ከመሥራቱ በፊት ይነግራቸው ነበር። ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ «አሁን እንደሚሸኑ ሆነው በረጅሙ ይተንፍሱ» አላቸው፤ በዚያችው ቅጽበት ረዳቱ የውሃውን ከረጢት ጨመቅ አደረገው፤ ውሃው መንገዱን ከፈተለት። ስክሪኑንም ወደ እርሳቸው አዞሩላቸው። ሲወጡ ምን እንደተሰማቸው ብጠይቃቸው «አቃጥሎኛል፤ ግን መንገዱን እያየሁ ነው የሄድኩት» አሉኝ።

በጄሉ ጥቅምና በሚቆይበት ጊዜ ላይ ጥናቶች ሁሉ በአንድ ቃል አይናገሩም። ከረጢቱን መጭመቅና ስክሪኑን ማሳየት ግን የወንዶችን ሕመም እንደሚቀንሱ በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ የትኛው ነው? ሰልፉ ረጅም፣ ሐኪሙም ጥቂት መሆኑ አይካድም። ቢሆንም አንዱ ሲመረመር ለተከታዩ ጄሉን ማድረግ ይቻላል፤ አሥሩ ደቂቃ ከማንም አይሰረቅም።

እኛም ወንዶች ድርሻ አለን። «ማደንዘዣው እስኪሠራ ትንሽ ይቆዩልኝ» ማለት፣ «አመመኝ» ማለት፣ ወንድነትን አይቀንስም። ከምርመራው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ማቃጠሉና ሽንቱ ቀላ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ውሃ መጠጣት ይረዳል። ትኩሳት ከመጣ፣ የረጋ ደም ከወረደ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን በፍጥነት መመለስ ነው።

ጋሼ አሁን ቀጠሮአቸውን የሚያስታውሳቸው አያስፈልጉም። ቀኑ ሲደርስ በጠዋት ተነሥተው፣ ለባብሰው፣ እኔን የሚቀሰቅሱኝ እርሳቸው ናቸው።