በአራት አሮጌ ላፕቶፕ ምን መሥራት ይቻላል?



ጀመዓችን የሚያስቀምጠውን ሃርድ ዲስክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከእኛ በፊት የተመረቁት የቀረጿቸው ደርሶች፣ የካልኩለስና የፊዚክስ ቲቶሪያሎች፣ የፈተና ሰሞን ማብራሪያዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ችግሩ የፋይሎቹ ትልቅነት ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከተቀረጸ 1.8 ጊጋባይት ይይዛል። ከአዲስ ገቢዎቹ ብዙዎቹ ያላቸው ስልክ ብቻ ነው፤ ሦስት አራት ፋይል ሲገባበት ይሞላል። ማታ ከግቢ ወጥተው ደርስ መከታተል የማይመቻቸው እህቶች ደግሞ ትምህርቱን የሚያገኙት ከቅጂው ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሎቹን ማሳነስ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልሆነም።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆንን ጥቂት ልጆች በዚህ ሴሚስተር ሁለት ጥያቄ ይዘን ተሰባሰብን። አንደኛው፦ ይህን ሁሉ ቪዲዮ ባሉን አራት አሮጌ ላፕቶፖች ተከፋፍለን እንዴት እናሳንሰው? ሁለተኛው፦ የላብ ቦርዶች ለሁላችንም ስለማይዳረሱ፣ ቦርዱ እጃችን ላይ ሳይኖር የጻፍነውን ፕሮግራም በምን እንሞክረው? ጥያቄዎቹ የማይገናኙ ይመስላሉ። መሣሪያ ስንፈልግ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ሰው መሩን። ፋብሪስ ቤላርድ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2000 ኤፍኤፍኤምፔግን፣ በ2003 ደግሞ ኪውኢሙን ጀመረ። የመጀመሪያው ቪዲዮና ድምፅ ይቀይራል፤ ሁለተኛው አንዱን ኮምፒውተር ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ ያሠራል። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ዛሬ የሚያሳድጓቸውም ሌሎች ብዙ ሰዎች ናቸው።

ሉህ እና ጁዝ

ቪዲዮ ትራንስኮድ ማድረግ ማለት በአንድ መንገድ የታመቀውን ፈትቶ በሌላ መንገድ ወይም በሌላ መጠን እንደገና ማመቅ ነው። ሥራው ፕሮሰሰር ይበላል፤ ለዚህ ነው መከፋፈል ያስፈለገው። መከፋፈል የሚቻልባቸውን ሁለት መንገዶች ደግሞ መድረሳ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው የሉህ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሉህ ይዞ ይቀራል፤ የጨረሰ ለኡስታዙ አሰምቶ ቀጣዩን ይቀበላል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። በኮምፒውተር ሲሆን እያንዳንዱ ላፕቶፕ አንድ ሙሉ ፋይል ይወስዳል፤ ሲጨርስ ሌላ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው የጁዝ መንገድ ነው። ሠላሳ ሰው አንድ አንድ ጁዝ ቢይዝ ቁርኣኑ በአንድ መቀመጫ ይኸተማል። አንድ ረጅም ቪዲዮም እንዲሁ ተቆራርጦ ለብዙ ማሽን ሊታደል ይችላል። ግን የትም ቦታ አይቆረጥም። ጁዝ ሱራን መሐል ላይ ሊከፍል ይችላል፤ አያን ግን አይከፍልም። ቪዲዮም የራሱ አያ አለው። ሙሉ ሥዕል የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ነው፤ በመካከል ያሉት ሥዕሎች የሚይዙት ከጎረቤቶቻቸው የተለወጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁርጥራጩ ከሙሉ ሥዕል መጀመር አለበት፤ ያለዚያ የሚጎድለውን ከየትም አያገኝም። ድምፁን ደግሞ ባይቆርጡት ይመረጣል፤ ድምፅ የሚያምቁት ፕሮግራሞች በየፋይሉ መነሻ ላይ ትንሽ ባዶ ስለሚጨምሩ መጋጠሚያው ላይ ይሰማል። ድምፁ ሳይከፋፈል ለአንድ ማሽን ተሰጥቶ መጨረሻ ላይ ከሥዕሉ ጋር ይጣመራል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር መባሉ እውነት ነው፤ ሒሳቡ ግን ልክ አለው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳየው ነገር ይህ ነው፦ ሥራው ውስጥ ሊከፋፈል የማይችል ክፍል ካለ ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው። መቁረጡና መግጠሙ ከጠቅላላው ሥራ 10 በመቶ ቢወስድ፣ አራት ማሽን የሚሰጠው ፍጥነት አራት እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ሺህ ማሽን ቢጨመር እንኳ ከአሥር እጥፍ አያልፍም። እኛ ያለን አንድ ረጅም ፊልም ሳይሆን ብዙ መካከለኛ ፋይል ስለሆነ የሉሁን መንገድ መረጥን። መብራት ሲጠፋም የሚበላሸው በዚያ ሰዓት በእጅ ላይ ያለው ፋይል ብቻ ነው።

የትኛውን መሣሪያ?

ሃንድብሬክ ለጀማሪ ይመቻል። መስኮትና ቁልፍ አለው፤ ፋይሎችን ወረፋ አስይዞ አንድ በአንድ ይሠራል። ግን የሚያዘው የተቀመጠበትን ማሽን ብቻ ነው። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ያለው ሰው ሌላ ባይፈልግ አይጎዳም።

አንማኒክ ከዚያ አንድ እርምጃ ይሄዳል። አንድ ፎልደር እየጠበቀ አዲስ ፋይል ሲገባ ራሱ ይቀይራል፤ የሚታዘዘው በብሮውዘር ነው፤ በተለያዩ ማሽኖች ላይ የተጫኑትንም ማገናኘት ይቻላል። ሁልጊዜ በርቶ የሚውል ማሽን ላለው ጥሩ ነው። የእኛ ላፕቶፖች ግን ቀን ቀን ባለቤቶቻቸው ክላስ ይዘዋቸው ይሄዳሉ።

ታዳር የሚባለውም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ አንድ ዋና ማሽንና ብዙ ሠራተኛ ማሽኖች ይኖሩታል። ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ ኮዱ ግን ክፍት አይደለም። “ያለ ክፍያ” እና “ክፍት” አንድ እንዳልሆኑ ያስተማረን እሱ ነው።

በመጨረሻ የያዝነው ኤፍኤፍኤምፔግን ከጂኤንዩ ፓራለል ጋር ነው። ፓራለል በኤስኤስኤች ወደ ሌሎቹ ማሽኖች ገብቶ ፋይሉን ይልካል፣ ያሠራል፣ ውጤቱን መልሶ ያመጣል፣ እዚያ የቀረውንም ያጸዳል። ለእኛ ግን ከሁሉ የበለጠብን መዝገቡ ነው። የተጠናቀቀውን እየመዘገበ ስለሚሄድ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያለቀውን ዘልሎ ካቆመበት ይቀጥላል። ጉዳቱ መስኮት የለውም፤ ትእዛዙ ሁሉ በእጅ ይጻፋል። አንድ ጊዜ ጽፎ በፋይል ያስቀመጠ ግን ለቀጣዩ ባች ያወርሰዋል።

ወደ ምን እንቀይር የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነበር። ኤቪ1 የሚባለው አዲሱ አሠራር ጥራት ሳይቀንስ ይበልጥ ያሳንሳል፤ ነገር ግን ለአሮጌ ላፕቶፕ ከባድ ነው፤ ብዙ ርካሽ ስልኮችም በቀላሉ አያጫውቱትም። ስለዚህ በኤች.264 ቆየን። ሰሌዳ የሚታይበት ቲቶሪያል ሥዕሉና ድምፁ ተደምሮ በሰከንድ 550 ኪሎቢት ገደማ ሲሆን የአንድ ሰዓቱ ፋይል ከ250 ሜጋባይት አይበልጥም። ኡስታዙ ተቀምጦ የሚናገርበት ደርስ ግን ሥዕሉ ብዙም የሚጨምረው የለም፤ ድምፁ ብቻ በኦፐስ በሰከንድ 24 ኪሎቢት ቢቀመጥ ንግግሩ በደንብ ይሰማል፤ የሰዓቱ መጠንም 11 ሜጋባይት አይሞላም።

አስመሳይ ማሽን

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በዐረብኛ የተጻፈን ኪታብ ዐረብኛ ለማይችል ሰው ማስተማር በሦስት መንገድ ይቻላል እንበል። አንዱ እያንዳንዱን ቃል በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ መፍታት ነው፤ ያው ቃል መቶ ጊዜ ቢመጣ መቶ ጊዜ ይፈታል። ቦክስ የሚባለው አስመሳይ በዚህ መንገድ ይሠራል። ዝግተኛ ነው፤ የሚያስመስለውም የኢንቴል ዓይነት ፒሲ ብቻ ነው። ግን እያንዳንዱን እርምጃ አስቁሞ ለመመርመር ስለሚያመች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሥሩ ለሚማር ሰው ጥሩ ነው።

ሁለተኛው አንድን አንቀጽ አንዴ ተርጉሞ ትርጉሙን ማስቀመጥና ሲደገም ከተቀመጠው ማንበብ ነው። ኪውኢሙ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ለዚህም ነው የኤአርኤምና የሪስክ-ፋይቭ ፕሮግራም በተራ ላፕቶፕ ላይ በሚበቃ ፍጥነት የሚሠራው። ሦስተኛው ተማሪው ቋንቋውን ሲያውቅ ነው፤ ያኔ ትርጉም አያስፈልግም። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ውስጥ ያለው ማሽንና ከላይ ያለው ማሽን አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሲሆኑ ትእዛዙን በቀጥታ ያሳልፋል። ቨርቹዋልቦክስም በዚህኛው ወገን ነው።

ለማይክሮኮንትሮለር ግን ኪውኢሙ የሚያውቃቸው ቦርዶች ጥቂት ናቸው። ሬኖድ ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ብዙ ቦርዶችን በአንድ ጊዜ አስነሥቶ እርስ በርሳቸው ያገናኛል፤ ሴንሰሮችንም ያስመስላል። ለፋይናል ፕሮጀክት የመረጥነው እሱን ነው።

አስመሳይ ሁሉን አይተካም። ኪውኢሙ የእውነተኛውን ቺፕ ሰዓት በትክክል አይጠብቅም፤ የላላ ሽቦ፣ የተቃጠለ ሬዚስተር፣ የወረደ ቮልቴጅ እዚያ ውስጥ የለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የኮዱን ስህተት ዶርም ውስጥ ጨርሰን ወደ ላብ ስንገባ ቦርዱን ለሽቦውና ለሰዓቱ ብቻ እንጠቀምበታለን። ወረፋው ለሌላውም ይደርሳል።

አንድ ልጅ “ታዲያ በአንድ ላፕቶፕ ላይ አራት አስመሳይ ማሽን ከፍተን ቪዲዮውን ለምን አናከፋፍልም?” ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። አንድ እንጀራ አራት ቦታ ቢቆረስ አራት እንጀራ አይሆንም፤ ጉልበቱ ያው የአንዱ ማሽን ጉልበት ነው፤ ማስመሰሉም ከዚያው ላይ ይቀንሳል። ለልምምድ ግን ጠቅሞናል። የፓራለሉን ትእዛዝ የጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ከመሞከራችን በፊት በአስመሳዮቹ መካከል ሞክረን አጣራነው።

ነጻ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም

በግቢያችን የተሰረቀ ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ “ሁሉም ይጠቀማል” እየተባለ ተለምዷል። ክፍቶቹን መሣሪያዎች ስናውቅ ምክንያቱ ራሱ ቀረ፤ ቢያንስ ለእነዚህ ሁለት ሥራዎች የሰው ሐቅ መንካት የሚያስገድደን ነገር የለም።

ክፍትም ቢሆን ሸርጥ አለው። ለእኛ የቀረበው ምሳሌ ወቅፍ ነው፤ ሰጪው ለሕዝብ ጥቅም ይተወዋል፤ ያስቀመጠው ሸርጥ ግን ይከበራል። ፈትዋ እየሰጠን አይደለም፤ ነገሩን ለመረዳት ያህል ነው። ኪውኢሙ የሚሰጠው በጂፒኤል ነው፤ አሻሽለህ ለሌላ ስታድል ኮዱንም በዚያው ሸርጥ መስጠት ይኖርብሃል። ኤፍኤፍኤምፔግ በመሠረቱ ላላ ባለው ኤልጂፒኤል ነው፤ ለኤች.264 የምንጠቀምበት ኤክስ264 ሲገባበት ግን ሙሉው ወደ ጂፒኤል ያልፋል። ሬኖድ በኤምአይቲ ነው፤ የባለመብቱን ስምና ፈቃዱን እስካስቀመጥክ ድረስ ብዙ አይጠይቅም። ነገ ተመርቆ ምርት የሚሸጥ ኢንጂነር ይህን ልዩነት ዛሬ ቢያውቀው ይሻላል።

ሐቅ በሶፍትዌሩ ብቻ አያበቃም። የተቀረጸው ድምፅ የኡስታዙ ወይም የመምህሩ ነው፤ ከማሰራጨታችን በፊት እናስፈቅዳለን። ያልተፈቀደውን አንነካም። ዋናውን ፋይልም አናጠፋም። ከሃንድአውት ኮፒ ላይ ሌላ ኮፒ ሲነሳ ጽሑፉ እየደበዘዘ እንደሚሄደው፣ የታመቀ ቪዲዮም እንደገና በታመቀ ቁጥር ይጎድላል። የሚቀጥለው ባች የተሻለ መሣሪያ ሲያገኝ ከዋናው ይነሳ።

ሥራው ገና አላለቀም። ላፕቶፑን ማታ ማታ ሊያውሰን የሚችል፣ ፋይሎቹን አዳምጦ ርዕስና ቀን የሚጽፍልን፣ ወይም ሊኑክስና ሬኖድ መማር የሚፈልግ ወንድምም ሆነ እህት የጀመዓውን የትምህርት ክፍል ያነጋግር። ኮድ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ርዕስ የሌለው ደርስ ቢያንስም የሚያገኘው የለምና መጻፍ ለሚችል ሰው የሚሆን ሥራ ሞልቷል። አላህ ይቀበለን።