ፖሊስ ለሆነችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

በቤት ሼሜሽ የፖሊስ ሥልጠናሽን ጨርሰሽ በሚቀጥለው ወር ሥራ እንደምትጀምሪ የነገርሽን ዕለት እናትሽ እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች፤ አያትሽ ግን ዝም አሉ። ዝምታቸው ቅር እንዳሰኘሽ ከፊትሽ አይቻለሁ። እሳቸው ስለማይናገሩት እኔ ልንገርሽ፤ በዚያው ስለ ሥራሽ ያለኝንም ሐሳብ ልጨምርልሽ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍኩት። ዓመቶቹን አንቺ በለመድሽው በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጌልሻለሁ።

አያትሽ በጎንደር ገጠር ሸክላ እየሠሩ ያደጉ ሰው ናቸው። ባላቸው ደግሞ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ የሚያሠራውም፣ እንስራ የሚገዛውም ጎረቤት ቀን ከእኛ ጋር በሰላም ሲገበያይ ይውልና ልጁን ሆዱን የቆረጠው ለት «ቡዳ በልቶት ነው» እያለ ወደ እኛ ቤት ይጠቁም ነበር። ማታ ማታ ጅብ ሆነው ይወጣሉ የሚልም አልጠፋም። ምን አጥፍተን? ምንም። ለመጠርጠር ከዚያ ቤት መወለድ ብቻ ይበቃ ነበር። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላዊ በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን እስራኤል ሲገባ እኛም አብረን መጣን፤ አያትሽም ያ ሁሉ ጥርጣሬ በዚያው የቀረ መስሏቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ወንድምሽ ከነጭ ጓደኞቹ ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከመካከላቸው እሱ ብቻ ተለይቶ በፖሊስ መታወቂያ ተጠየቀ፤ ኪሱም ተፈተሸ። ቤት ገብቶ ሲነግረን አያትሽ «እዚህም?» ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ዛሬ የልጅ ልጃቸው ያንኑ የደንብ ልብስ ስትለብስ ዝም ቢሉ አትቀየሚያቸው። ክፉ ያገኝሻል ብለው መፍራታቸው አልቀረም፤ ይበልጥ የሚያስፈራቸው ግን አንቺም እንደዚያ ሰውን በትውልዱ መጠርጠር እንዳትለምጂ ነው።

እኔም የምለምንሽ ይህንኑ ነው። ጥርጣሬሽ ሰውየው ካደረገው ነገር ይነሣ። ከቀለሙ፣ ከሰፈሩ፣ ከአነጋገሩ አይነሣ።

የደንብ ልብስሽ በእኛ ሰው ዘንድ ምን ምን እንደሚያስታውስ ደህና አድርገሽ እወቂ። በሚያዝያ 2015 ሆሎን ላይ ደማስ ፓካዳ የሚባለው ወታደር የጦር ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ተደበደበ። መጀመሪያ ጥፋተኛ የተባለው እሱ ነበር፤ ነገሩ የተገለበጠው የተቀረጸው ምስል ሲወጣ ነው። ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ። በማግሥቱ ዓመት የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በነበሩት በኤሚ ፓልሞር የተመራው ቡድን በእኛ ላይ ያለውን ዘረኝነት መርምሮ 53 የውሳኔ ሐሳቦች አቀረበ። በዚያው በ2016 ነሐሴ ደግሞ የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼይኽ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያዊውን ከሌላው አብልጦ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር አደረጉ። በሰኔ 2019 መጨረሻ ሰሎሞን ተካ፣ ገና ለጋ ወጣት፣ ቂርያት ሐይም ውስጥ ከሥራ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ከዚያ በኋላ መንገድ የዘጉት፣ ጎማ ያቃጠሉት ልጆች አብረውሽ ያደጉ ናቸው፤ ግማሾቹን በስም ታውቂያቸዋለሽ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የባት ያሙ ነው። ይሁዳ ቢያድጋ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። በጥር 2019 ቢላ ይዞ ከቤት ሲወጣ ፖሊስ የጠራው ቤተሰቡ ራሱ ነው፤ ርዳታ ፈልጎ። የመጣው ፖሊስ ተኮሰበትና ሞተ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ስልኩን አንሥታ መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ እኔው የማውቃቸው እናቶች አሉ። ፖሊስ መጥራት የሚፈራ ሰፈር ውስጥ ደካማው ምን እንደሚሆን አስቢው፤ ሴቲቱ ከደብዳቢዋ ጋር፣ ሱቀኛው ከዘራፊው ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ጥሪ ደርሶሽ ወደ አንድ ቤት ስትሄጂ በሩን ከማንኳኳትሽ በፊት «ታሟል ወይስ ሰክሯል? ቤት ውስጥ እሱን ሊያናግረው የሚችል ማን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። እናት ወይም ታላቅ እህት በሁለት ቃል የምታበርደውን ነገር የዕብራይስጥ ጩኸት ሊያባብሰው ይችላል።

«በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ» ስል ብዙ ጊዜ ሰምተሽኛል። ሥራሽ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰው ጥፋቱ ተነግሮት፣ ቃሉም ተሰምቶ ቢቀጣ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ያለ ምክንያት ሁለት ደቂቃ መንገድ ላይ ብታቆሚው ግን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳልሽም። ስለዚህ ሰው ስታስቆሚ መጀመሪያ ሰላም በይው፤ ስምሽን ንገሪው፤ ከዚያ ለምን እንዳስቆምሽው በአጭሩ አስረጂው። ምክንያቱ አፍሽ ላይ አልመጣ ካለሽ የለሽም ማለት ነውና ይሂድ። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ መታወቂያ እንዲይዝ ሕጉ ያዛል፤ ቢሆንም ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰው እያስቆመ በመታወቂያው የወንጀል መዝገቡን መመርመር እንደማይችል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2021 ወስኗል። አቤቱታውን ካቀረቡት አንዱ ለቤተ እስራኤላውያን መብት የሚከራከረው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት ነው። ያንን ውሳኔ ፈልገሽ አንብቢው። ተሳስተሽ ካስቆምሽም «ይቅርታ፣ ሌላ ሰው መስለኸኝ ነው» በይ፤ የፖሊስ ክብር በዚህ አይቀንስም።

በሥልጠናው ላይ ያልተነገረሽን አንዳንድ ነገርም ልንገርሽ። የብዙ ሽማግሌዎቻችን መታወቂያ ላይ የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው፤ ስንገባ የተወለደበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ ስላልነበረ እንዲሁ ተሞላ። ዕድሜያቸውን ስትጠይቂያቸው ከመታወቂያው ጋር ባይገጥም ውሸት ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ወንድማማቾች ሆነው በተለያየ ጊዜ በመምጣታቸው አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም የተመዘገቡ አሉ፤ ይህም ማጭበርበር አይደለም። ባለሥልጣን ሲያናግረው ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ሽማግሌ አክብሮሽ ነው እንጂ የሚደብቀው ኖሮት አይደለም። ዝም ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ቢያዳምጥሽም ጥፋቱን አመነ ማለት አይደለም። እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ዓይን ለዓይን እያዩ ይከራከሩሻል፤ የዚህ አገር ልጆች ናቸውና። መከራከር ወንጀል ሆኖ አያውቅም። ደግሞም ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ አይሰማም፤ ከትግራይ የመጡት ወገኖቻችን ቋንቋቸው ትግርኛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በሽምግልና ብዙ ቤት ገብቻለሁ። አንድ ማታ ተጠርቼ ስደርስ ፖሊሶች ቀድመውኛል። ሴትዮዋ ከንፈሯ አብጦ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ባልየው የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ ቆሟል። መሀል ላይ አሥር ዓመት የማይሞላት ልጃቸው በፒጃማ ቆማ ታስተረጉማለች። «አባትሽ በምን መታት?» ይላታል ፖሊሱ። ልጅቷ አባቷን አየች፤ እናቷን አየች፤ «አልመታትም፣ ወድቃ ነው» አለች። ፖሊሱ ጻፈና ወጣ። እናትዮዋ አንድም ቃል አልተጠየቀችም፤ ጥያቄው ለእሷ አልተተረጎመምና። እሷንና ልጆቹን ያን ሌሊት ዘመድ ቤት ያሳደርናቸው እኛ ነን።

አንቺ እንዲህ ያለ ቤት ስትገቢ ሕፃን አስተርጓሚ አታድርጊ። የባልየውንም ዘመድ አታድርጊ። ሁለቱን ለያይተሽ እሷን ብቻዋን አነጋግሪያት፤ አማርኛሽ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ቋንቋዋን የማትችዪ ከሆነም በስልክም ቢሆን እውነተኛ አስተርጓሚ እስኪገኝ አትሂጂ። በባሎቻቸው እጅ የተገደሉ እህቶቻችን ጥቂት እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ። «የእነሱ ባህል ነው፤ ሽማግሌዎቻቸው ይጨርሱት» ብሎ የሚሄድ ፖሊስ ያከበረን ሊመስለው ይችላል፤ ለእኔ ግን ሴቲቱን ጥሏት መሄዱ ነው። ሽምግልናን እወደዋለሁ፤ ዕድሜዬን የሰጠሁለት ነገር ነው። ኩርፊያ እናበርዳለን፣ የተበታተነ ቤት እንሰበስባለን። ዱላ ያነሣ እጅ ግን የሕግ ጉዳይ ነው። እኔው አባትሽ ሽማግሌዎች አስከትዬ መጥቼ «ክሱን አስተዪአት» ብልሽ እንኳ እንዳትሰሚኝ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብለው ወደ እኛ ሰፈር ሊመድቡሽ ይችላሉ። ቋንቋውን፣ ሰውን ስለምታውቂ ይጠቅማል፤ ደስ ብሎሽ ሂጂ። ነገር ግን ሰልፍ ሲነሣ መልክሽን ለማሳየት ብቻ ከፊት ሊያቆሙሽ ሲፈልጉ ዕወቂበት። እዚያ ስትቆሚ የወገንሽን ልጆች ለማነጋገር እንጂ ለመሸፈኛ አለመሆንሽን ለአለቃሽ በጨዋ ደንብ ንገሪ።

ሌላም ሰፈር አለ። ሎድና ራምላ ብትመደቢ አረቡ ስታስቆሚው የሚሰማው ስሜት ወንድምሽ ከተሰማው አይለይም። በጥቅምት 2000 በተነሣው ሁከት 13 አረቦች በፖሊስ ከተገደሉ በኋላ በዳኛ ቴዎዶር ኦር የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ ፖሊስ አረብ ዜጎችን እንደ ጠላት ማየት እንደሌለበት በግልጽ ጽፏል። ግን ሌላውንም ገጽ እይው። በ2023 ብቻ ከ200 በላይ አረብ ዜጎች በወንጀለኞች እጅ ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ ገዳዮች ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ሲያስቆሙት የሚበዙበት፣ ሲገደልበት የሚጠፉበት ሕዝብ ፖሊስን እንዴት አድርጎ ይመን? የእኛም፣ እዚህ አገር የሚኖሩት ኤርትራውያንም ቅሬታ ከዚሁ ይገናኛል። በመስከረም 2023 ደቡብ ቴል አቪቭ ላይ የአስመራ መንግሥት ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች ተጋጭተው ፖሊስም ተኩሶ ከመቶ በላይ ሰው ሲቆስል፣ ሁለቱ ወገን እንደማይስማማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰፈሩን በእግሩ የሚዞር፣ ሻይ ቤቱ ገብቶ ሰላም የሚል ፖሊስ ቀድሞ ይሰማዋል። አንቺ እንደዚያ ሁኚ። መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ በመስኮት ሰውን መመልከት አትልመጂ።

የመጨረሻው ስለ ጽሑፍ ነው። ብዙ ልጆቻችን የወንጀል መዝገብ የተከፈተባቸው «ፖሊስ አጠቃ»፣ «ፖሊስን አደናቀፈ» በሚል ቃል ነው። በዚያ መዝገብ ምክንያት ሥራ ያጡ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ የፈለጉት ክፍል ያልተቀበላቸው አሉ። የሥራ ባልደረባሽ አንድ ልጅ መትቶ «እሱ ቀድሞ ገፈተረኝ» ብሎ ሊጽፍ፣ አንቺም ከሥሩ እንድትፈርሚ ሊለምንሽ ይችላል። ያን ቀን ብቻሽን ትሆኛለሽ። «አብረን ነን» ይሉሻል፣ «ከዳሽን» ይሉሻል። ደረትሽ ላይ ያለችው ካሜራ ለሥራ ከወጣሽበት ጊዜ ጀምሮ ሥራ እስክትጨርሺ ክፍት ትሁን። ያላየሽውን አትፈርሚ፤ ያየሽውን አትካጂ። በዚህ ምክንያት ከሥራ ቢያስወጡሽ ቤትሽ አለ፤ እናትሽም እኔም አለንልሽ።

አባትሽ
ረሆቦት