ጎበዝ ተማሪ እና ኤቲኤም

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ፣ ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ካወጡት አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደነበሩ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ያኔ ተናግረዋል። ማትሪክ ያለፉ ልጆች ማለት ነው። ሰፈሩ «ጎበዝ» ብሎ የሸኛቸው፣ እናት ስለት የተሳለችላቸው።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን እዚህ ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ ቡና ላይ «ሌባ የሚሆነው ጭንቅላቱ ያልሠራለት ነው» የሚል ክርክር ስለሰማሁ ነው። ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሂርሺ እና ሂንደላንግ በ1977 እ.ኤ.አ. የአይኪው ውጤት ዝቅ ካለበት የወጣት ጥፋት እንደሚበዛ ጽፈዋል። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ልኬት እስረኛ ላይ ሲሠራ የሚለካው የተያዘ ሰው ብቻ ነው። ሰዘርላንድ የሚባለው ምሁር ገና በ1939 እ.ኤ.አ. ክራቫት አስሮ ቢሮ ውስጥ የሚሰርቀው ሰው ከቆጠራው ውጭ መቅረቱን ተናግሮ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ላይ ስልክ መንትፎ የተያዘ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ሌባ! ሌባ!» ሲባል የሐበሻ ቀሚስ ሻጩ ሁሉ ሱቁን ጥሎ ይወጣል። ፖሊስ እስኪደርስ ልጁ እግር ላይ የሚቀረው አንድ ጫማ ነው። ያው ሕዝብ ስለ ኤቲኤሙ ተማሪዎች ሲያወራ ግን እየሳቀ «አራዶች ናቸው!» ይላል። «ምነው እኔም ግቢ በሆንኩ» ያለም አልጠፋም።

ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። በጥቂት ሰዓታት ከ490 ሺህ በላይ ግብይት ተፈጸመ፣ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ጎደለ። ወሬው ከግቢ ግቢ የተዛመተው በስልክና በሜሴጅ ነው። ጉብዝና እዚህ ላይ ማንንም አላዳነም፤ ይልቅስ ሥራውን አፋጠነው ባይ ነኝ። ማመካኛም አላጣ፦ «ባንኩ ራሱ ሰጠን»፣ «የመንግሥት ብር ነው፣ ማን ተጎዳ?» ስልክ መንታፊው እንዲህ ያለ ጥብቅና ከየት ያመጣል? «እኔ አይደለሁም» ብሎ ያለቅሳል እንጂ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎች «መልሱ» የሚል ማሳሰቢያ አወጡ፤ ባንኩም የመለሰ አይከሰስም አለ፣ ያልመለሱትን ደግሞ ፎቷቸውን ቅርንጫፎቹ በር ላይ ለጠፈ። መጋቢት ሳያልቅ ከጎደለው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ተመልሷል። ደግ ነው፣ የልጆቹ ዕድሜ ከተበላሸ ምን ይጠቅማል? የሽሮ ሜዳውን ልጅ ግን «ስልኩን መልስና ሂድ፣ አንከስህም» ያለው ሰው እስካሁን አላየሁም።