ከጀርባ የሚቀዳው ውሃ

«ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። በእኛ በደንዲ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ ቤተ ሰብ እንዳይፈርም የሚያደርግ ነገር ነው። እንድጽፍ ያነሳሳኝም የአጎቴ ሚስት ጉዳይ ነው።

እትዬ እንጀራ ሲጋግሩ በድንገት ራሳቸውን በመዶሻ የተመቱ ያህል አመማቸው። አስመለሳቸው፤ አንገታቸው ደረቀ። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላቸው። ከጊንጪ አዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሆስፒታል የደረሱት በአራተኛው ቀን ነው። ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ደም አልታየም። ሐኪሙ ግን ከጀርባ ውሃ ይቀዳ አለ። አጎቴ «ዶክተር፣ እባክዎ ይህንስ ይተዉልን፤ የልጆች እናት ናት» ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እስቲ ባዮሎጂ የተማርነውን እናስታውስ። ህብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው የሚያበቃው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አጠገብ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። እዚያ ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ የነርቭ ክሮች ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ክቪንከ ዘዴውን ያሳወቀው በ1891 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አዲስ ሙከራ አይደለም። ከምርመራው በኋላ ለቀናት ራስ ማመሙ አለ፣ አልክድም። ሽባነቱ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ወሬው የመጣው በማጅራት ገትር ክፉኛ ከታመሙት ሰዎች ይመስለኛል፤ በሽታው ያደረሰውን ጉዳት መርፌው ተሸከመው።

ውሃው በጤነኛ ሰው እንደ ምንጭ ጥርት ያለ ነው። አንጎል ዙሪያ ደም ከፈሰሰ ይቀላል። ታዲያ መርፌው ራሱ ቢያደማስ? ስለዚህ በተከታታይ ብልቃጦች ይቀዳል፤ የመርፌው ደም እየሳሳ ይሄዳል። ዋናው ምስክር ግን ቢጫው ነው። የፈሰሰው ደም ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል፤ ይህም 12 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መርፌ አሁን ያደማው ደም ለዚህ ጊዜ የለውም።

ሲቲ ስካን ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ደሙን እምብዛም አይስተውም። ቀን በጨመረ ቁጥር ግን ይደበዝዝበታል። ቢጫው እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ የሚጠቅመው ማንን ነው? ዘግይቶ የሚደርሰውን፣ ማለትም እኛን ባላገሮቹን!

አጎቴን ያሳመነቻቸው አንዲት ነርስ ናት። በኦሮምኛ እያጫወተች መርፌው የሚገባበትን ቦታ በራሷ ወገብ ላይ አሳየቻቸው። ፈረሙ። ውሃው ቢጫ ሆኖ ወጣ። ለካ የሳሳ የደም ሥር እንደ ፊኛ ተነፍቶ ፈንድቶ ኖሯል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ዳግመኛ ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ቀዶ ሕክምና ገቡ። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነውና ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ እንጃ።

እትዬ ዛሬ ቡና ያፈላሉ። ግራ እጃቸው ብቻ ትንሽ ይደክማቸዋል። መርፌው የገባው ወገባቸው ላይ መሆኑን ብናገርም ጎረቤቱ ሁሉ ሲኒውን እየተቀበለ «መርፌው ነው እንጂ!» ይላል።