ሕመም ወይስ ጉዳት

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል የሠራ አናጢ ነበረ። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ወፍራም ሳንቃ በክብ መጋዝ ሲሰነጥቅ መጋዙ የግራ እጁን አንድ ጣት ቈርጦ የሌላውን ጅማት በጠሰው። የመጋዙ መሸፈኛ ብረት ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ ከተነሣ ወራት አልፎት ነበር፤ ሁሉም አይቶ ዝም ያለው ነገር ነው።

አሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም። በገዛ መኪናው ወደ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ የዚያን ቀኑንም የሕክምና ዋጋ ከኪሱ ከፈለ። ነገሩ የተበላሸውም ከዚህ ላይ ነው። ደግነት የተደረገለት ሰው መብቱን መጠየቅ ውለታ ቢስነት ይመስለዋልና፥ አናጢው በማግሥቱ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ፈረመ። ከሥራ የቀረበት ምክንያት «ሕመም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ደግሞም ሃያ ዓመት መጋዝ የያዘ እጅ እንዴት ይስታል እያለ በልቡ የሚወቅሰው ራሱን ነበር።

በመጀመሪያው ወር ደመወዙን በሙሉ ተቀበለ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው እኩሌታውን። ጣቱ አልታጠፍ ስላለ ሐኪሙ ገና ሥራ እንዳይነካ አዘዘ። እርሱ ግን በአንድ እጅም ቢሆን በር መጠበቅ ወይም ሚስማር መለየት አያቅተኝም ብሎ ለመነ። መልሱ እስኪድን ድረስ ያለ ደመወዝ የሕክምና ፈቃድ ተሰጥቶታል የሚል ደብዳቤ ሆነ። ፈቃድ ይሉታል እንጂ የሰውዬው ፈቃድ አልነበረበትም።

እንደ ልማዱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ ባልንጀሮቹ በደጁ ሲያልፉ ድምፃቸውን እየለየ ከውስጥ ይቀመጣል። ከሁሉ የከበደው ግን እቁቡ ነበረ። ዕጣው አስቀድሞ በመስከረም ወጥቶለት ለልጁ ትምህርት ቤት ከፍሎበታልና፥ ቀሪውን በየሳምንቱ መክፈል ግድ ሆነበት። ዋሱም የሚስቱ ወንድም ስለ ነበረ፥ የመክፈያው ቀን በቀረበ ቍጥር ሁለቱ ዓይን ለዓይን መተያየት ተሳናቸው።

አንድ ቀን በልቅሶ ድንኳን አጠገቡ የተቀመጡ፥ ቀድሞ በፍርድ ቤት ጸሓፊ የነበሩ ሽማግሌ እጁን አይተው ታሪኩን ጠየቁት። ከሰሙም በኋላ፥ «ልጄ፥ ታመምህ ወይስ ተጐዳህ?» አሉት። ልዩነቱ አልገባውም።

ልዩነቱ ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ተጽፎአል። ለታመመ ሠራተኛ የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝና የሁለት ወር እኩሌታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የለባቸውም። በሥራ ላይ ለተጐዳ ግን ሦስት ወር ሙሉው፥ ቀጥሎ ሦስት ወር ከመቶ 75 ያላነሰ፥ ከዚያም ስድስት ወር ከመቶ 50 ያላነሰ ይከፈለዋል፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊነቱ አይቀርለትም። ሽማግሌው በቍራጭ ወረቀት አሰሉለት። ደመወዙ በወር 6,000 ብር ነበርና፥ የስድስቱ ወር ድምር ለሕመም 12,000፥ ለጉዳት 31,500 ብር ሆነ።

«የፈረምሁት እኔው ነኝ» አለ አናጢው።

«ጣትህን የቈረጠው ፊርማህ አይደለም። ይልቅ ቀን ሳያልፍብህ ሐኪም ቤት ሂድና በመጀመሪያው ቀን የጻፉትን አስገልብጥ» አሉት።

ሦስት ቀን ዘገየ፤ መንገዱ ርቆበት ሳይሆን የአሠሪው ፊት እየታየው። በአራተኛው ቀን ሄደ። በካርዱም ላይ በሥራ ላይ ሳለ በመጋዝ የተጐዳ ተብሎ ተጽፎ አገኘው።

በሥራ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠችው ልጅ መዝገቡን ገልጣ አየች። «ጋሼ፥ እዚህ ላይ እኮ ፈርመዋል» አለችው፤ ድምፅዋ የኀዘን ነበረ።

«አውቃለሁ፥ ልጄ» አለና ግልባጩን በፊቷ ዘረጋላት። የመስኮቱ ነፋስ ወረቀቱን እንዳያነሣባት በተጐዳው እጁ ጫን አድርጎ ያዘላት፤ እርስዋም ማንበብ ጀመረች።