ኬተ ኮልቪትዝ፦ ከብረት ወደ እንጨት

ሥነ ጥበብን በይዘቱ ብቻ የሚመዝን ሰው መሣሪያውን የሠዓሊው የግል ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። በጀርመናዊቷ ኬተ ኮልቪትዝ (1867–1945 እ.ኤ.አ.) ሥራ ፊት ግን ይህ አያስኬድም። ይዘቱ ራሱ መሣሪያውን እያስለወጠ ከብረት ወደ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ወደ እንጨት ወስዷታልና።

እ.ኤ.አ. በ1893 በበርሊን የጌርሃርት ሃውፕትማንን ተውኔት አይታ የጀመረችው «የሸማኔዎች አመፅ» በ1897 በስድስት ኅትመቶች ተፈጸመ። ሁሉንም በብረት ሰሌዳ ለመሥራት አስባ ነበር፤ እጇ ገና አልጠናምና ሦስቱን በድንጋይ አተመች። በዓመቱ ሥራው ለወርቅ ሜዳይ ሲታጭ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም 2ኛ ከለከለ። ስለ ሽልማቱ ይኸው ይበቃል።

ዋናው ነገር የሚጀምረው በ«ገበሬዎች ጦርነት» (1902–1908) ላይ ነው። በሰም የተቀባው ሰሌዳ በመርፌ ይጫራል፤ አሲዱ የተጫረውን ይበላል፤ በተበላው ስርጉድ ውስጥ የተኛው ቀለምም በማተሚያው ጭነት ወደ እርጥቡ ወረቀት ይወጣል። ኮልቪትዝ በዚህ ብቻ አልተወሰነችም። በለስላሳው ሰም ላይ ጨርቅ እየተጫነች የድርና የማጉን ዐሻራ አስቀረችበት። ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጆቿን ዘርግታ ገበሬዎቹን ለጥቃት የምታስነሣዋ ሴት የተሠራችው በእንዲህ ዓይነቱ ድርብርብ ጥበብ ነው።

ታዲያ በብረት ይህን ያህል የበቃች ሠዓሊ ስለምን ተወችው? በጥር 1919 የሠራተኞቹ መሪ ካርል ሊብክኔኽት በበርሊን በተገደለ ጊዜ ቤተሰቡ አስክሬኑን እንድትሥል ጠየቃት። የፓርቲው አባል አልነበረችም፤ የሠራተኞቹን ሐዘን ግን የራሷ አድርጋ ያዘችው። በብረት ሞከረች፤ አልሆነላትም። በድንጋይ ሞከረች፤ ይህም አላረካትም። በ1920 የኤርንስት ባርላኽን የእንጨት ኅትመቶች ባየች ጊዜ ነው መንገዱ የተገለጠላት። የእንጨቱ ሕግ የብረቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ መቅረጫው የነካው ነጭ ይሆናል፣ ያልተነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የሳተ መቅረጫ አይመለስም። ኀምሳ ዓመት ያለፋት የተመሰገነች ሠዓሊ ይህን እንደ ጀማሪ መማር ነበረባት። በተፈጸመው ሥራ ላይ አንድ ሠራተኛ አጎንብሶ ሰፊ እጁን በሟቹ ደረት ላይ አኑሯል። ብረቱ ይህን እጅ ከነደም ሥሩ፣ ከነጥፍሩ ሊያሳየን በቻለ ነበር፤ እንጨቱ ግን ክብደቱን አስቀረልን።

የገዛ ልጇ ፔተርም በጥቅምት 1914 በቤልጅግ ጦር ሜዳ ወድቆ ነበር። ሐዘኑን ለዓመታት ይዛ ኖራ «ጦርነት» የተባሉትን ሰባት ኅትመቶች በ1921 እና በ1922 በእንጨት ቀረጸች። «ወላጆቹ» በተባለው ላይ ተንበርክከው የተቃቀፉት አባትና እናት አንድ ጥቁር ቋጥኝ መስለዋል። አባትየው ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፤ የእናትየዋም ፊት አይታይም።